ኦፕን ሶርስ ወይስ ዝግ ሶፍትዌር፣ የትኛው ይታመናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ትንንሽ ቢሮዎች፣ ክሊኒኮችና ማተሚያ ቤቶች ኮምፒውተር ስተክልና ስጠግን በየጊዜው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ነው እዚህ የሰበሰብኩት። ጠያቂዎቹ የሒሳብ ሠራተኞች፣ የግል ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ላፕቶፕ ይዘው የሚውሉ ተማሪዎች ናቸው። ኦፕን ሶርስ የምለው ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ማንም እንዲያነበው የተከፈተ ሶፍትዌር ነው፤ ዝግ የምለው ኮዱን ባለቤቱ ለራሱ የያዘውን ነው። ከአዋጅ ቁጥሮቹ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ሌባውም ያነበዋል። ታዲያ ደኅንነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሌባው ኮዱን ሳያነብም መግባት ይችላል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ኮድ ለሕዝብ አልከፈተም፤ ቢሆንም በየወሩ የደኅንነት ክፍተት ይገኝበታል። ክፍተት ፈላጊዎች የሚሠራውን ፕሮግራም ይበታትኑታል፣ ያልተለመደ መረጃ እየመገቡ የት ላይ እንደሚወድቅ ያጠናሉ። ለዚህ የደራሲው ኮድ የግድ አያስፈልጋቸውም።

ክርክሩ ራሱ የቆየ ነው። ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ የቋንቋ ምሁር በ1883 ስለ ጦር ምስጢራዊ መልእክቶች ሲጽፍ፣ ስልቱ በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ቁልፉ እስካልተገኘ ድረስ መልእክቱ መጠበቅ እንዳለበት አስረድቷል። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ኤኢኤስ የተባለ የምስጠራ ስልት የተመረጠው በዚሁ መንፈስ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ውድድር አወጣ፤ ከየአገሩ ባለሙያዎች የቀረቡትን ስልቶች በአደባባይ ለመስበር ሞከሩ፤ በ2001 የሁለት ቤልጂየማውያን ሥራ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ስልቱን የፈለገ ሁሉ ማንበብ ይችላል። መረጃውን የሚጠብቀው ቁልፉ ነው።

እሺ፣ ብዙ ሰው የሚያየው ከሆነ ኦፕን ሶርስ ስህተት የለበትም ማለት ነው?

አይደለም። አንድ ኮድ ሊታይ ይችላል ማለት ታይቷል ማለት አይደለም፤ ኦፕን ሶርስን የምንወድ ሰዎች ይህን ደጋግመን መናገር አለብን።

ኦፕንኤስኤስኤል በድረ ገጾችና በተጠቃሚዎች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመሰጥር ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ነው። በማርች 2012 በወጣው እትሙ ውስጥ አንድ ስህተት ነበር። ስህተቱን የሚያውቅ ሰው ድረ ገጹን ከሚያስተናግደው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ሜሞሪ ውስጥ በአንድ ጊዜ እስከ 64 ኪሎባይት መረጃ መቅዳት ይችል ነበር፤ ፓስወርድም ሆነ የምስጠራ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስህተቱ ሃርትብሊድ ተብሎ ይፋ የወጣው በኤፕሪል 2014 ነው። ኮዱ ሁለት ዓመት ያህል ለዓለም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የወጣው ዜና ይበልጥ አስደንጋጭ ነበር፦ የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች የተደገፉበትን ይህን ፕሮግራም የሙሉ ጊዜ ሥራው አድርጎ የሚጠብቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልገሳውም በዓመት 2000 ዶላር ገደማ። ከዚህ ድንጋጤ በኋላ ነው ኩባንያዎች ሊኑክስ የተባለውን ኦፕን ሶርስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚደግፈው ሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል እንዲህ ላሉ ፕሮጀክቶች ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት። በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ በሚገባ ኦፕን ሶርስ የመዝገብ መጻፊያ ላይ የተገኘው ከባድ ክፍተትም ይህንኑ ችግር እንደገና አደባባይ አወጣው።

አንድ ተንኮለኛ ሆን ብሎ መርዝ ቢጨምርበትስ? ማንም ሰው ኮድ መላክ ይችላል አይደል?

መላክ ማንም ይችላል፤ የተላከውን የሚቀበለው ግን የፕሮጀክቱ ጠባቂ ነው። ስለዚህ ብልጥ ተንኮለኛ ጠባቂ ለመሆን ይሞክራል። የኤክስዜድ ታሪክ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት።

ኤክስዜድ ፋይል የሚጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በአብዛኛው የሊኑክስ ኮምፒውተር ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር፣ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜው። ከ2021 ጀምሮ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ተሳታፊ መጣና ጠቃሚ ማስተካከያዎችን በትዕግሥት መላክ ጀመረ። በጎን ደግሞ ሌሎች ስሞች ብቅ እያሉ ጠባቂውን ሥራው እንደዘገየና ረዳት እንደሚያስፈልገው እየነገሩ ወጥረው ያዙት። የደከመው ሰው ለጂያ ታን ሥልጣን ሰጠው። በ2024 መጀመሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት እትሞች ውስጥ የኋላ በር፣ ማለትም የተደበቀ ምስጢራዊ መግቢያ፣ ገባ፤ ዓላማው ሰርቨሮችን ከሩቅ ለማስተዳደር የምንጠቀምበትን ኤስኤስኤች የተባለ መግቢያ ማስከፈት ነበር።

ማን ደረሰበት? አንድሬስ ፍሩንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ። የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ የዳታቤዝ ፍጥነት እየለካ ሳለ የኤስኤስኤች መግቢያ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ምክንያቱን ፍለጋ ኮዱን እየተከተለ ወረደ። በማርች 29 ቀን 2024 ለሁሉም አስታወቀ። የተመረዘው እትም ዴቢያንና ፌዶራ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ለሙከራ በሚለቀቁ ቅጂዎች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አብዛኛው ሰርቨር ወደሚጠቀምባቸው የረጉ እትሞች ግን አልደረሰም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ፍሩንድ ምክንያቱን እስከ ሥሩ ድረስ መከተል የቻለው ኮዱ ክፍት ስለነበረ ነው፤ ዝግ ቢሆን ኖሮ ቅሬታ ልኮ መልስ ይጠብቅ ነበር። በሌላ በኩል፣ ተንኮሉን የሚያስነሳው ቁራጭ ሁሉም ሰው በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ ለስርጭት በተጠቀለለው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው የተደበቀው። የሚታየውና የሚጫነው አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዴቢያንን የመሰሉ ፕሮጀክቶች ማንም ሰው ከኮዱ ተነሥቶ ያንኑ ፋይል በራሱ ማሽን ደግሞ ማውጣት እንዲችል ለዓመታት የሚደክሙት ለዚህ ነው።

ለቢሮ ሰርቨር አዲስ የወጣውን ሁሉ ለመጫን አይሩጡ፤ የረጋውን እትም ይጠቀሙ፤ የደኅንነት አፕዴቱን ግን አያዘግዩ።

ዝግ ሶፍትዌር ትልቅ ኩባንያ ከኋላው አለ። ቢበላሽ ተጠያቂ አለው። ያ አይሻልም?

ኩባንያ መኖሩ ጥቅም አለው፤ አላጣጥለውም። ማይክሮሶፍት ደመወዝ የሚከፈላቸው የደኅንነት ቡድኖች አሉት፤ በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ አፕዴት ያወጣል። ብዙ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ይህን አቅም አያገኝም።

ተጠያቂነቱ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሲጭኑ ሳያነቡ "እስማማለሁ" የሚሉትን ውል ያንብቡት፤ አብዛኛው ለደረሰብዎ ጉዳት ኃላፊነቱን እጅግ አጥብቦ የጻፈ ነው። ኩባንያው ራሱም ይሰበራል። ሶላርዊንድስ የተባለው ኩባንያ በ2020 ኦሪዮን ለተባለው ምርቱ ያወጣው አፕዴት ውስጥ ሰርጎ ገቦች የራሳቸውን ኮድ ጨመሩ፤ አፕዴቱ የኩባንያው ሕጋዊ ዲጂታል ፊርማ ነበረበት፤ ወደ 18,000 የሚጠጉ ደንበኞች አወረዱት። በጁን 2017 ደግሞ ኖትፔትያ የተባለው አውዳሚ ፕሮግራም የተሰራጨው ዩክሬን ውስጥ በሰፊው በሚሠራበት ኤምኢዶክ በተባለ የሒሳብና የግብር ሶፍትዌር አፕዴት በኩል ነው። የመርከብ ኩባንያው ሜርስክ ሳይቀር ሥራው ቆመ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዎች ይህን ታሪክ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ የሒሳብ ሶፍትዌር ማንም የማይጠረጥረው፣ ግን ሁሉ ቢሮ ውስጥ የሚገባ በር ነው።

ተንኮል ሳይኖርም ይበላሻል። በጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያወጣው የተሳሳተ አፕዴት ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ።

ዝግ የሚባለውም ለሁሉም እኩል ዝግ አይደለም። ማይክሮሶፍት ከ2003 ጀምሮ መንግሥታት በልዩ ስምምነት ኮዱን እንዲመረምሩ የሚያስችል ፕሮግራም አለው። ለካዛንቺስ ክሊኒክ ግን ይህ በር አልተከፈተም።

ክራክ የተደረገውን ብንጠቀምስ? ሁሉም ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው።

የዚህ ገጽ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። ከተማችን ውስጥ ስለ ኦፕን ሶርስና ስለ ዝግ ሶፍትዌር ስንከራከር፣ አብዛኛው ያየሁት ቢሮ ከሁለቱ አንዱንም በወጉ አይጠቀምም። የተጫነው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ዝግ ሶፍትዌር ነው። ይህ ሦስተኛ ነገር ነው፤ የሁለቱንም መከላከያ ያጣ። ኮዱን ማንም አያየውም፤ የኩባንያው ፊርማም ተሰብሯል፤ መሀል የገባው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ማሸጊያው የተቀደደ መድኃኒት ከመንገድ ገዝቶ እንደመዋጥ ነው።

ክራኩን የሚሠራው አክቲቬተር የሚሉት ፕሮግራም ሲጫን ምን እንደሚጠይቅ ልብ ብለው ያውቃሉ? መጀመሪያ አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉ፣ ቀጥሎ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን እንዲሰጡት። ከዚያ በኋላ በማሽኑ ላይ የሚሳነው ነገር የለም። ፓስወርድ የሚሰርቁ ፕሮግራሞች በአክቲቬተር ታዝለው ሲገቡ በደኅንነት ባለሙያዎች በተደጋጋሚ ተይዘዋል። የጫነልዎት ቴክኒሻን ክፉ ሰው መሆን አይጠበቅበትም፤ እሱም ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ በፍላሹ የያዘውን ነው የሚያዞረው።

ችግሩ ይገባኛል። ላይሰንስ በዶላር ነው፣ ዶላሩ ደግሞ ለትንሽ ቢሮ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ግን ክራኩ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግም። ከ2012 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች የላይሰንስ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጡት። ቴክኒሻኑ ፎርማት ሲያደርገው ላይሰንስ ያለውን የሆም እትም ያነሣና ፕሮ ይጭናል፤ ለፕሮው ደግሞ ክራክ ይጨምራል። የተከፈለበትን ጥሎ የተሰረቀውን ማስገባት ማለት ነው። ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ዋናውን እትም መልሶ እንዲጭን ይንገሩት፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ያደርጋል።

ለኦፊሱ ደግሞ ሊብሬኦፊስ አለ። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ለተራ የሒሳብ ሠንጠረዥ፣ ፒዲኤፍ ለማውጣት በነጻ ይበቃል። ውስብስብ የኤክሴል ፋይል ያለበት ቢሮ ለዚያ አንድ ኮምፒውተር ላይሰንስ ይግዛ።

ሕጉንም ላስታውስ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል።

ፒችትሪስ? ያለ እሱ የሒሳብ ሥራ አንችልም።

ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ከ10 ዓመት በላይ አልፏል። እዚህ የሚዞረው አሮጌው እትም የደኅንነት አፕዴት የለውም። ዛሬውኑ መተው ካልቻሉ ያለበትን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ይነጥሉት፣ ኢሜይልና ማኅበራዊ ሚዲያ አይክፈቱበት፣ ባክአፑን በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ። ኦዱ ኮሚዩኒቲ እና ኢአርፒኔክስት የተባሉ ኦፕን ሶርስ አማራጮች አሉ፤ ግን የሚያዋቅራቸው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ከመቀየርዎ በፊት ከሒሳብ ባለሙያዎ ጋር አንድ ወር ጎን ለጎን ያሠሩት።

አፕዴት ፓኬጃችንን ይበላል። ብናጠፋው ምን ይመጣል?

በማርች 14 ቀን 2017 ማይክሮሶፍት ለአንድ ክፍተት ማስተካከያ አወጣ። በሜይ 12 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚያው ክፍተት ገብቶ በ150 አገሮች ያህል ፋይል ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ማስተካከያው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። አፕዴት ያጠፋ ሰው ለራሱ የወሰነው እንዲህ ያለውን ክፍተት ከፍቶ ማደር ነው።

የዳታው ጉዳይ መፍትሔ አለው። በዊንዶውስ የአፕዴት ቅንብር ውስጥ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚል አለ፤ በቢሮው ኔትወርክ ያሉ ኮምፒውተሮች ብቻ እንዲካፈሉ ሲደረግ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። በሊኑክስም አንድ ማሽን የሁሉንም አፕዴት አስቀምጦ ማደል ይችላል። አስር ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ዊንዶውስ 10 ላይ ነን። መቀየር አለብን?

አዎ። መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽንዎ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ከሆነ ያሳድጉት። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ የሌለው አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ 24.04 ወይም ሊኑክስ ሚንት ያስጭኑበት፤ ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 አፕዴት ያገኛል።

ሊኑክስ ቫይረስ የለውም ይባላል።

አለው። ፎቶኮፒ ቤት ፍላሽ ሰክተው ፋይልዎን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግብዎት ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሣም፤ ፍላሹ ውስጥ ተቀምጦ ግን ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ቴሌግራም ኦፕን ሶርስ ነው አይደል? የምጽፈውን ማንም አያይም ማለት ነው?

ኦፕን ሶርስ የሆነው ስልክዎ ላይ ያለው አፕ ነው። የሰርቨሩ ኮድ ዝግ ነው። ተራ ቻት፣ ግሩፕና ቻናል ሁሉ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያነበው፣ ሁለት ሰዎች ከፍተው የሚጠቀሙበት ሲክሬት ቻት ብቻ ነው። ብዙ ቢሮዎች የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ስሊፕ በግሩፕ ሲለዋወጡ አያለሁ፤ ያ ሁሉ እዚያው ሰርቨር ላይ ይከማቻል።

ዋትስአፕ በተቃራኒው ዝግ አፕ ነው፤ ነገር ግን ከ2016 ጀምሮ የመልእክቱ ምስጠራ በሲግናል ፕሮቶኮል ነው፤ የፕሮቶኮሉ አሠራር በይፋ የታተመና በባለሙያዎች የተመረመረ ነው። ሲግናል የተባለው የመልእክት አፕ ራሱ የአፑንም የሰርቨሩንም ኮድ ክፍት አድርጓል። የሕመምተኛ ወይም የደንበኛ መረጃ መላክ ካለብዎ ሲግናልን እመርጣለሁ።

የአማርኛ ኪቦርድ ከየትም ባወርድ ምን ችግር አለው?

ኪቦርድ የሚጽፉትን ሁሉ ያያል፤ የሞባይል ባንኪንግ ፓስወርድንም ጭምር። አንድሮይድ አዲስ ኪቦርድ ሲያበሩ ይህንኑ ያስጠነቅቃል፤ ብዙዎቻችን ሳናነብ እናልፈዋለን። ግዕዝ ፊደል የሚያስጽፉ ቁጥር ስፍር የሌላቸው አፖች አሉ፣ ማን እንደሠራቸው እንኳ የማይናገሩ። ኪይማን ኦፕን ሶርስ ነው፣ ኮምፒውተር ላይም ስልክ ላይም አማርኛ ያስጽፋል። የጎግል ጂቦርድም አማርኛ አለው፤ ዝግ ቢሆንም ባለቤቱ ይታወቃል። አይፎን ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ ኪቦርድ ፉል አክሰስ ካልሰጡት ወደ ኢንተርኔት መላክ አይችልም፤ ስለዚህ አይስጡት።

መንግሥት ኦፕን ሶርስ ያምናል?

ይጠቀማል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ በተሠራ ኦፕን ሶርስ መድረክ ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ዲስፔስም ኦፕን ሶርስ ነው። ግን የመድረኩ ኮድ መከፈቱ ሰርቨሩ እንዴት እንደተዋቀረና ማን እንደሚገባበት አይነግረንም። ዜጋ ሊጠይቅ የሚገባው ሁለቱንም ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ሰብሳቢው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል።

ኮድ ማንበብ አልችልም። ታዲያ በምን ልመን?

እኔም የምጭነውን ሁሉ ኮድ አላነብም፤ የሚያነብ ሰው የለም። የማየው ሌላ ነው። የመጨረሻው እትም መቼ ወጣ? ሁለት ዓመት ዝም ያለ ፕሮጀክት ያሠጋኛል። ከዚህ በፊት ክፍተት ሲገኝበት በግልጽ አስታወቀ ወይስ ደበቀ? ስንት ሰው ይጠብቀዋል? ክፍተት ተገኝቶበት በሦስት ቀን ያስተካከለ ፕሮግራም፣ ምንም ተገኝቶበት ከማያውቅ ይልቅ ያሳምነኛል፤ የሁለተኛው ንጽሕና ማንም ፈትሾት ስለማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የሚወርድበት ቦታ ነው። የቪኤልሲን ወይም የሰቨንዚፕን ስም ጎግል ላይ ፈልገው ከላይ የመጣውን ማስታወቂያ አይጫኑ፤ የታወቁ ነጻ ፕሮግራሞችን ስም የያዙ የሐሰት ገጾች ቫይረስ አሰራጭተዋል። የፕሮጀክቱን ገጽ አድራሻ አጣርተው ያውርዱ፣ ለፋይሉ የተሰጠውን የሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ ትንሽ እንኳ ቢነካ የሚለወጥ እንደ አሻራ ያለ ቁጥር) ካወረዱት ፋይል ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ዊንዶውስም ሊኑክስም ቁጥሩን የሚያወጣ መሣሪያ አላቸው፤ ቴክኒሻንዎ አንዴ ቢያሳይዎት ከዚያ ወዲህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በአገር ውስጥ ባለሙያ ያሠራነው ሶፍትዌርስ?

ይህ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ የክሊኒኩን ካርድ ወይም የሱቁን ዕቃ መቆጣጠሪያ አንድ ወጣት ይሠራል፤ ኮዱ በእሱ ላፕቶፕ ላይ ይቀራል፤ ሥራ ይቀይራል ወይም ውጭ አገር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊጠግነው የማይችል ዝግ ሶፍትዌር ነው፣ ኩባንያ እንኳ የሌለው። ልጁን አልወቅስም፤ ውል የጻፈለት የለም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፦ ኮዱ በሙሉ በየወሩ ለእርስዎ ይሰጥ፤ ባለቤትነቱ የማን እንደሆነ ይጻፍ፤ የተጠቀመባቸው ኦፕን ሶርስ ክፍሎች ከነእትማቸው ይዘርዘሩ፤ የሰርቨሩ የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካዝናዎ ውስጥ ይቀመጥ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ደግሞ ሌላ ባለሙያ ጠርተው ከተረከቡት ኮድና ባክአፕ ብቻ ሲስተሙን ባዶ ኮምፒውተር ላይ እንዲያስነሣው ያድርጉ። ካልተነሣ ርክክቡ አልተፈጸመም፤ ክፍያውን ያቆዩት።